ከሰዓት በኋላ የምትመጣው

ብታምኑም ባታምኑም ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ አይደለም የምጽፍላችሁ።

ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ አልጋዬ ድረስ ትደርሳለች። ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ ትንሽ ወጥ ቤትና ጠባብ ኮሪደር።

በአንዱ ክፍል እኔ... በሌላው ልጄ።

ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልጃችን በተወለደች በሳምንቷ መንገድ ወጣ። በስልክ "ሚጢ እንዴት ናት?" ይለኛል።

"ደህና ናት።"

"አንቺስ?"

"ደህና ነኝ።"

ስልኩን እዘጋና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

እናቶች ይረዱኛል ብዬ ነው የምናገረው። ልጄ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ሰውነቴን ተነስ እለዋለሁ። አይነሳም። እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። ጡቴ ወተቱን እያፈሰሰ ልብሴን ያረጥበዋል፤ እኔ ግን ግድግዳውን አያለሁ።

እና በዚያ ሰዓት... ልቅሶው ቀጥ ይላል።

እየደከመ መጥቶ አይደለም። አንድ ሰው ብድግ እንዳደረጋት፣ ወዲያው።

ከዚያ በለሆሳስ "እሽሽ... እሽሩሩ..." ይሰማል።

አልደነገጥኩም። የባሌ ታላቅ እህት የቤታችን ቁልፍ አላት። እትዬ ነው የምላት። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት አላት፤ ጠዋት ጠዋት ከመክፈቷ በፊት እኛ ጋ ብቅ ትላለች። ከሰዓት ሥራው ቀዝቀዝ ሲልም እየተመለሰች ነው ብዬ አሰብኩ። አፍሬ ዝም አልኩ። የገዛ ልጄን ሰው ሲያባብልልኝ፣ ወጥቼ ምን ልበላት?

ስነሳ ሁሉም ነገር ተሠርቶ አገኘዋለሁ።

ጡጦው ታጥቧል። ግን እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ...

ሚጢ ተጠቅልላለች። ግን ጣቷን እንኳ እንዳታንቀሳቅስ ሆና፣ ጥብቅ ተደርጋ...

እትዬ ቸኩላ ይሆናል አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ገባች። ወጥ ቤቱን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"ውይ የኔ አንበሳ! እንዲህ ነው እንጂ! እኔ እኮ ለወንድሜ 'ሚስትህ ትታህ አልጋውን አግብታለች' ልለው ነበር!"

እኔን ለማበርታት ራሷ የሠራችውን ለኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሷም የሠራሁት መስሏት ሳመችኝ።

ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ስትስመኝ ግን ፊቴን አየችው መሰለኝ። ሳቋ ጠፋ። "ልበሺ። ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን" አለችኝ።

ሐኪሟ ቁጥብ ሴት ናት። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"እህቴ፣ ልጅሽን ስታያት ምን ይሰማሻል?"

"ምንም።"

እትዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

"ከወሊድ በኋላ ሰውነትሽ ውስጥ ያለው ሆርሞን በአንዴ ይወርዳል" አለች ሐኪሟ። "አንዳንዷን ሴት መንፈሷንም ይዞት ይወርዳል። ስንፍና አይደለም። ክፋትም አይደለም። በሽታ ነው።"

ምርመራዬን አይታ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ የሆርሞን መድኃኒት አዘዘችልኝ። ለሁሉም እናት እንደማይሰጥ፣ እየተመላለስኩ ካላየችኝ እንደማይሆን ደጋግማ ነገረችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ገና አምና ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩት። ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፍ ይላል። ከእምብርቴ በታች ለጠፍኩት።

ወዲያው አልሠራም። እየቀየርኩ ጠበቅኩ።

አንድ ቀን ሚጢን ሳጠባት የአናቷ ጠረን አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ለካ ልጄ ጠረን አላት! እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ስታለቅስ እግሬ መነሳት ጀመረ።

እና የዚያን ቀን...

ከሰዓት ነው። አለቀሰች። ብድግ አልኩ። ኮሪደሩን አልፌ በሯ ጋ ስደርስ ልቅሶው ቀጥ አለ።

በሩን ገፋሁት። አልተከፈተም። ቁልፍ የለውም እኮ! ከውስጥ ሰው በጀርባው የተደገፈው ያህል ከበደኝ።

"እትዬ?"

በሩን አንኳኳሁ።

"እትዬ፣ እኔ ልያዛት። አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ።"

"እሽሽ... አሁን ገና መተኛቷ ነው።"

ድምፁ የእትዬ አልመስለኝ አለ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። አነሳችው። ከኋላዋ የፀጉር ማድረቂያው ይጮሃል።

"እትዬ... የት ነሽ?"

"የት እሆናለሁ? አንዷን ካስክ ውስጥ ከትቼ እየጠበስኳት ነዋ! ምነው?"

"ከሰዓት ከሰዓት... እኛ ቤት አትመጪም?"

"እኔ? ከሰዓት መቼ መጥቼ አውቃለሁ? ሱቁን ለማን ጥዬ?"

ስልኩ ከጆሮዬ ወረደ።

"ማነሽ?" አልኩ በሩን።

"ሂጂ ተኚ።"

"ልጄን ስጪኝ።"

"ስታለቅስ የት ነበርሽ?"

ድምፁን ያኔ ለየሁት። ደረቅ ነው። ሕይወት የሌለው። በስልክ ለባሌ "ደህና ነኝ" የሚለው ድምፅ...

የኔ ድምፅ።

"ሆድሽ ላይ የለጠፍሽውን አንሺው" አለችኝ በሹክሹክታ። "እሱ ከመጣ ወዲህ በሩ እየከበደኝ ነው። አንሺውና ተኚ። እኔ አለሁላት።"

እውነቱን ልንገራችሁ... እጄ ልብሴ ስር ገባ። ጥፍሬ የፕላስተሩን ጫፍ አገኘው። ፀሐይዋ አልጋዬ ላይ ነበረች። መተኛት... ሌላ ምንም አለመሆን...

ከውስጥ ሚጢ አነጠሰች።

ትንሽዬ ማነጠስ። ማንም ያልሰጣት፣ የራሷ።

እጄን አወጣሁ። በትከሻዬ በሩን መታሁት።

ምንም እንዳልነበረ ተከፈተ።

ማንም የለም። ሚጢ አልጋዋ ላይ ጥብቅ ተደርጋ ተጠቅልላለች። ዓይኗ ተከፍቷል። ከአጠገቧ ያለው የወንበር ትራስ መሃሉ ጎድጉዷል... እያየሁት ቀስ እያለ ተነፋ።

እስከ ማታ ልጄን ከእጄ አላወረድኳትም።

በነጋታው ለሐኪሟ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አልሳቀችብኝም። ሕመሙ ሲጠና የሌለ ድምፅ ሊያሰማ እንደሚችል፣ ይህን መቼም መደበቅ እንደሌለብኝ አስረዳችኝ። ክትትሉን አጠበቀችው። ባሌን ራሷ ደውላ አነጋገረችው። እትዬም ፍራሿን ተሸክማ እኛ ቤት ገባች።

"ማንኮራፋቴን ከቻልሽው ጋኔን የሚባል ነገር አያስፈራሽም" አለችኝ።

እኔም በሽታው ነው ብዬ ተቀበልኩ። በሩ ከዚያ በኋላ ከብዶኝ አያውቅም። ጡጦ የማጥበው እኔ ነኝ። ሚጢን የምጠቀልላት እኔ ነኝ፣ ላላ አድርጌ። እየዳንኩ ነበር። እየዳንኩ መሆኔን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት...

እትዬ ሱቋ ነበረች። ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ሚጢን በማዘያዋ ጀርባዬ ላይ አድርጌ ልብስ ላሰጣ ወደ ግቢው ወረድኩ። ጠራራ ፀሐይ። ሰው የለም። አንሶላውን ገመድ ላይ ስወረውር ቀና አልኩ።

አራተኛ ፎቅ። የኛ መስኮት።

ሴት ቆማለች።

የሌሊት ልብሴን ለብሳለች። ፀጉሯ አልተበጠረም። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ቀስ እያለች ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... ታወዛውዛለች።

እጇ ላይ ምንም የለም።

መሮጥ ነበረብኝ። መጮህ ነበረብኝ። ግን ያንን ድካም ከኔ በቀር ማን ያውቀዋል? እኔ ግድግዳዬን ሳይ፣ ልጄን ያነሳቻት እሷ ናት።

ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቁኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጎኔን ወደ መስኮቱ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አደረግኩ... ጉንጯን ጀርባዬ ላይ ያስተኛችው ልጄ ወደ መስኮቱ እንድታይ።

እትዬ ስትኮረኩራት፣ እኔ ስዘፍንላት ስቃ የማታውቀው ሚጢ ከኋላዬ ቀልጣ ሳቀች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እና ከላይ... መስኮቱ ሲከፈት ሰማሁ።