ማበጠሪያ የሚሰብረው እጅ

«ዝናብ እያካፋ ነበር» አለች እቴቴ። «ሙጫው ቀጥኖ አልይዝ አለን። ጢሞ ባልዲውን በኮቱ ሸፍኖ ይዞልኛል። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በገዛ እጄ።»

ፌንጣ ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። የእቴቴ ዓይን እንባ አቅርሯል። እቴቴ ደግሞ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም፤ በር ጣቷን ቢቆነጥራት እንኳ በሩን ነው የምትሳደበው።

ሁለቱ ጎንበስ ብለው የሚያዩት ፖስተር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱ ጠርዝ ጠርዙ ወይቧል። መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ እጅ ማበጠሪያ ለሁለት ሲሰብር ይታያል፤ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ማበጠሪያችሁን ይዛችሁ እንዳትመጡ» ይላል። ከትናንት ወዲያ ይዞላት የመጣው የፌንጣ የክፍል ጓደኛ ቀለሜ ነው። ቀለሜ የተባለው በትምህርቱ ጎበዝ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ቤተሰቦቹ ማተሚያ ቤት ስላላቸው ጣቱ ላይ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ፖስተሩን የማተሚያ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት ብሏል።

እቴቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። ወጣት ሳለች ትምህርት ቤቱ «ጎፈሬያችሁን ተቆረጡ» ቢላቸው አሻፈረኝ ካሉት አንዷ ናት። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ከእነጢሞ ጋር ሆና «ያልተበጠረ» የሚባል መጽሔት በእጅ በሚዞር ማባዣ እያተመች በድብቅ ታድል ነበር። ግጥም አለበት፣ የዘፈን ወሬ አለበት፣ በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚሳለቅ ሥዕልም አይጠፋበትም። ያኔ ማንም አንብቦ ይጥለው ነበር። እቴቴ ግን ዛሬም ድረስ ያንን የተጣለ ወረቀት እየለቀመች ነው። የመጽሔቶቹ ቅጂ፣ የሙዚቃ ድግስ ማስታወቂያ፣ የመግቢያ ትኬት፣ በራሪ ወረቀት፣ ሁሉም ፊት ለፊት ያለው ክፍል ውስጥ ሰፋፊ መሳቢያዎች ሞልቷል። እዚያ ክፍል እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ የሚገባ የለም። ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምራቅ የነካ ሰው ደግሞ አለቀለት።

ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጥታ ለኤግዚቢሽን የሚሆኑትን ትመርጣለች። በመክፈቻው ቀን ንግግር የምታደርገውም እቴቴ ራሷ ናት። ያን ሁሉ ዓመት «የወረቀት ጎተራ» እያሉ ሲስቁባት ኖረው፣ ዛሬ ገና ሰው ቁም ነገር ብሎ ሊያየው ነው።

«መሃል ላይ የሚሰቀለው ይሄ ነው» አለች ፖስተሩን በአገጯ እያመለከተች።

ፌንጣ ሥዕሉን ቀረብ ብላ አየችው። የእጁ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጎብጣለች። መጀመሪያ ዝም ብላ አየቻት። ቀጥሎ ግን ገባት። ያቺን ጣት ታውቃታለች። በልጅነቷ የመኪና በር ተዘግቶባት ጎብጣ የቀረችው የራሷ ጣት ናት። በሥዕል ክፍለ ጊዜ አስተማሪያቸው አንዱ የሌላውን እጅ እንዲስል ያዘዛቸው ጊዜ የእሷን የሳለው ቀለሜ ነው። ግራ እጇን ቀስ ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። ቀለሜ ከጓዳ ተቀምጦ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ጣቶቹን እየፈተገ ነው።

«ፖስተሩን የት ነው ያገኘኸው?»

«ነገርኩሽ አይደል? ዕቃ ቤት።»

«አትፎግረኝ። ያ እጅ የኔ ነው።»

ቀለሜ መፈተጉን አቆመ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«ጣትሽ ናት አይደል ያስበላችኝ?» አለ በመጨረሻ። «የሌላ ሰው እጅ መሳል ነበረብኝ።»

«ቀልድ መሰለህ?»

«ቀልድ ነበር እኮ! እቴቴ የውሸቱን ወረቀት ከእውነተኛው በማሽተት ትለየዋለች እያልሽ ስትጎርሪብኝ ከርመሽ፣ እስቲ ልሞክራት አልኩ። አሮጌ ወረቀት ዕቃ ቤት ሞልቷል። የአያቴ ማተሚያ፣ ቀለም በጨርቅ የሚያሳልፈው፣ አሁንም ይሠራል። ‹አንተ ሌባ፣ ነቅቼብሃለሁ› ብላ ጆሮዬን ስትጎትተኝ፣ ሦስታችንም እንስቃለን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«ወረቀቱን አሸተተችው። መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን አየችው። እኔ ሳቄን አፍኜ ቆሜያለሁ። ከዛ ‹ይሄን እኔ ነኝ የለጠፍኩት› ብላ አለቀሰች። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ከኋላ አንድ ሠራተኛ ሲያትም የማሽኑ ድምፅ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል።

«ስለ እንዲህ ዓይነት ፖስተር ድሮ ነግራህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«በፍጹም። ማበጠሪያውም፣ ጽሑፉም፣ ሁሉም ከኔ ጭንቅላት ነው የወጣው። የሌለ ነገር ነው ያስታወሰችው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው።»

«ቅዳሜ ሳይደርስ ንገራት።»

«አልችልም።»

«ቀለሜ!»

«አልችልም አልኩሽ። ዝም ብትይ ማን ይጎዳል? ሼባዋ ደስ ብሏታል።»

«ሼባ አትበላት።»

«እሺ፣ እቴቴ ደስ ብሏታል። ከነገርሻት ግን ደግሜ ዓይኗን ማየት አልችልም። ቤታችሁም አልመጣም። ጓደኛዬ አይደለሽ እንዴ?»

ፌንጣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ስትሄድ ነገሩ ሁሉ ዞረባት። እቴቴ ዋሽታ ይሆን? እቴቴ ባትዋሽስ፣ ያላየችውን እንዴት አየሁ ትላለች? ዝናቡ፣ ባልዲው፣ የጢሞ ኮት፣ ያ ሁሉ ከየት መጣ? ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማቻቸው ታሪኮችስ? የቱ እውነት፣ የቱ እንዲሁ በሐሳቧ የተፈጠረ እንደሆነ አሁን በምን ታውቃለች? እንዲህ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት። ቀለሜ ላይ ልትናደድ ትሞክርና እሱም አንጀቷን ይበላታል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንት አዋቂ ሰው ይመጣል። አንዱ ቢነቃስ? ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በስጦታ ያመጣላትን መጽሔት እቴቴ ተጠራጥራ ስትመልስ ፌንጣ «ምን ነበረበት ብትይዢው?» ብላት ነበር። «አንድ የውሸት ወረቀት ከገባበት፣ እውነተኞቹንም የሚያምነኝ አይኖርም» ነበር መልሷ።

ዓርብ ከሰዓት እቴቴ ከየወረቀቱ ሥር የሚቀመጡትን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀቻት። እጇ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የምትጽፈው ፌንጣ ናት። የመጽሔቶቹን ጨረሱ፤ የበራሪ ወረቀቶቹንም ጨረሱ። ፖስተሩ ብቻ ቀረ።

«እቴቴ፣ የት ነበር የለጠፋችሁት?» አለች ፌንጣ። ድምፅዋ እንዳይለወጥባት ተጠነቀቀች።

«የጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ነዋ! ሌላ የት ይለጠፋል?» እቴቴ ከወዲሁ መሳቅ ጀመረች። «ጢሞ በሳቅ ሲንፈራፈር ባልዲው አመለጠው። ሙጫው በሙሉ ጫማዬ ውስጥ ገባ። እየሮጥን ነው፣ እግሬ ደግሞ ጧ፣ ጧ እያለ ይጣበቃል። የሰፈሩ ዘበኛ በእግሬ ድምፅ ብቻ ሊይዘን ይችል ነበር። እቤት ስደርስ እናቴ ጫማውን በቢላ ቀድዳ ነው ያወለቀችልኝ።»

እንዲህ ስትስቅ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው። ፌንጣም ሳታስበው አብራት ሳቀች። ይህን ማንም ከጭንቅላቱ ሊያወጣው አይችልም። እግሯ ተጣብቋል፣ ጢሞ ባልዲ ጥሏል። ምናልባት ሌላ ወረቀት ነበር የለጠፉት፤ ምናልባት ያኛው በዝናብ ተልጦ የማንም ዓይን ሳያየው ቀርቷል። ይህ ፖስተር በቦታው ሲመጣ፣ የሚያርፍበት አጥቶ የከረመው ትዝታ ዝም ብሎ አረፈበት። ይሁን አይሁን ፌንጣ አታውቅም።

«ጢሞ ከሞተ ወዲህ ይሄን የማወራው ሰው አልነበረኝም» አለች እቴቴ ሳቋን ጨርሳ። «እኔና እሱ ብቻ ነበርን እኮ። አንዳንዴ ‹እውነት ሆኖ ነበር ወይ?› ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አሁን ግን ይኸው ማስረጃው መጣ።»

ፌንጣ ከዚህ በኋላ እንዴት ትነግራታለች? ወረቀቱን ስትወስድባት ጢሞንም አብራ የምትወስድባት መሰላት። ቀለሜ ይሄኔ ስልኩን እያየ «ነገረቻት ይሆን?» እያለ ነው። ዝም ብላ ብትጽፈው ሁሉም በሰላም ያድራል። ነገ ኃላፊዋ ትመጣለች፣ ፖስተሩ መሃል ላይ ይሰቀላል፣ እቴቴም በመክፈቻው ቆማ ስለ እግሯ ታወራለች።

«በይ ጻፊ» አለች እቴቴ።

ፌንጣ ባዶ ካርድ ሳበች። ዝናቡን ጻፈች። ጢሞን፣ ባልዲውን፣ የጸጉር አስተካካዩን በር፣ በቢላ የተቀደደውን ጫማ፣ እንደሰማችው አንድም ሳታስቀር ጻፈች። አንዱ ካርድ አልበቃ ሲላት ሌላ ጨመረች።

«አይ ልጄ፣ ረዘመ እኮ። መጀመሪያው ላይ ‹ይህ ፖስተር የታተመው› ብለሽ ጀምሪ እንጂ።»

ፌንጣ ብዕሩን አስቀመጠች።

«ይሄን ካርድ ለብቻው እናስቀምጠው እቴቴ። ከዚህ ፖስተር ሥር አይሁን።»

«ለምን?»

አሁንም «እንዲሁ ነው» ማለት ትችል ነበር። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ከአክስቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር አልገባትም።

«የባልዲውን ነገር አምኜሻለሁ» አለች። «እውነት ነው የምልሽ። ሌላውን ስነግርሽ ይሄን እንዳትረሺብኝ።»

እቴቴ ፖስተሩን አየች፤ ፌንጣን አየች፤ ፖስተሩን ደግማ አየች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ካርዶቹ አጠገብ አኖረችው።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለቻት።