ከሩቅ የተነሳ ፎቶ

«ፎቶው ወጣ?» አለች የፎቶ ክበቡ ሊቀመንበር አንገቷን በበሩ አስግጋ።

ሚጢጢ የኮምፒውተሩን ስክሪን በሰውነቷ ከለለች። «አሪፍ ነው።»

«አንቺማ አንደኛ ነሽ! ነገ ረፋድ ላይ ለማተሚያ ቤት እሰጠዋለሁ» ብላ ሄደች።

አሪፍ አልነበረም። ሠላሳ ስምንቱም ፎቶ ብዥ ብሏል። በአንዱ እትዬ ዝምታ ሁለት አፍንጫ ያላቸው ይመስላሉ፤ በሌላው መደርደሪያውም እሳቸውም ጭጋግ ሆነዋል።

እትዬ ዝምታ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት የያዙ ሴት ናቸው። ስሙን ተማሪዎች ቢያወጡላቸውም እሳቸው ራሳቸው ይወዱታል። ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ሊቀመንበር የምትመራው የፎቶ ክበብ ትልቅ ፎቷቸውን አሳትሞ በከሰዓቱ ስንብት ላይ ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል። ፎቶውን እንድታነሳ የተመረጠችው ደግሞ ካሜራ ከያዘች አራት ወር ያልሞላት ሚጢጢ ናት።

ካሜራውን ከነረጅም ሌንሱ አንጠልጥላ ወደ አጎቷ ፎቶ ቤት በረረች።

«ጋሼ፣ ሌንስህ ተበላሽቷል» አለች ገና ሳትገባ።

አጎቷ ጉርድ ፎቶ እየቆረጠ ነበር። መቀሱን አስቀምጦ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ።

«ይሄ ሌንስ ለኳስ ሜዳ ነው አላልኩሽም? ብርሃን ካላገኘ ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው። እሱ እስኪጨርስ እጅሽ ይነቃነቃል። ትንሿን ካሜራ ውሰጂ ስልሽ አሻንጉሊት ናት አልሽ።»

«ዙም የላትማ!»

«እግር የለሽም? ጠጋ በያ። ለመሆኑ የት ቆመሽ ነው ያነሳሻቸው?»

«በሩ ጋ» አለች ወለሉን እያየች።

«ባዶ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ጋ?»

ሰው ፊት ቆሞ «ቀና ይበሉ፣ ወደዚህ ይዙሩ» ማለት ለእሷ ሞት ነው። ትልቁን ሌንስ አንድ ሳምንት ሙሉ የለመነችው ከሩቅ አንስታ ሹልክ ለማለት ነበር። ይህን ለራሷም ነግራ አታውቅም።

«እና አሁን ምን ላድርግ?»

አጎቷ ትንሿን ካሜራ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት። «እሳቸው ነገም አሉ አይደል?» አለና ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ጠዋት ከደወሉ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ደረሰች። መንገዱን ሁሉ ስታስበው የመጣችው ውሸት ዝግጁ ነበር፤ የካሜራው ካርድ ተቃጠለ ትላለች፣ ማን ያጣራል? እትዬ ዝምታ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር።

«እትዬ፣ የትናንቱ ፎቶ...» የካርዱ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሲያዩዋት አልወጣላት አለ። «ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። መጠጋት አፍሬ ሩቅ ቆምኩ።»

እትዬ ዝምታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን!»

«እ?»

«ልጄ፣ መቼ እንደምታነሺኝ ሳላውቅ ፊቴን እንዳኮሳተርኩ እኮ ነው የቀረሁት! እንዲህ ሆኜ ልታተም ነው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ድገሚኝ እንዳልልሽ የቸኮልሽ መሰለኝ።»

ሚጢጢ ሳቋ አመለጣት። እፎይ!

«እንግዲያው ወደ መስኮቱ ይምጡልኝ» አለች፤ የገዛ ድምጿ ገረማት።

የመጀመሪያው ፎቶ ግማሽ ፊታቸውን አጠቆረው። በሁለተኛው ዓይናቸው ተከደነ። በሦስተኛው ካርቶኑ አብሮ ገባ። ሚጢጢ ካርቶኑን ገፋች፣ ወንበሩን አዞረች፣ ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካቸው ያህል ተጠጋች።

«እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚህ በጣም የተሰረቀው መጽሐፍ የቱ ነው?»

«መልሱ ከኋላ ያለበት የሒሳብ መጽሐፍ ነዋ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ፤ ያኔ አነሳቻቸው። ፎቶውን አጉልታ አየችው። ሽፋሽፍታቸው እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሊቀመንበር እያለከለከች ገባች። «የትናንቱን ልወስድ ብፈልግሽ እዚህ ነሽ! ምን ታደርጊያለሽ? አሪፍ ነው አላልሽም እንዴ?»

«የተሻለ ፈልጌ ነው» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። እትዬ ዝምታም ዞር ብለው ካርቶናቸውን ማሰር ጀመሩ።

«አሪፍ አልነበረም» አለች ሚጢጢ። «ሁሉም ተበላሽቶ ነበር። ዋሸሁሽ።»

ሊቀመንበር ቅር እንዳላት ፊቷ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «እስቲ አሳዪኝ።»

ሚጢጢ የመጨረሻውን ፎቶ ልታሳያት ቁልፉን ልትጫን ስትል ተወችው። ወደ ኋላ መልሳ፣ የተበላሹትንም እንድታይ ግማሽ ፊታቸው ከጠቆረው ጀምራ ካሜራውን ሰጠቻት።