የግራው የኋላ በር

ይህ ታሪክ ፈጠራ አይደለም። በእኔው ጋራዥ፣ በዓይኔ ፊት የሆነ ነው።

የጣሊያኖች የነሐሴ በዓል ዋዜማ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። የቱሪን ከተማ ሰው ሁሉ ለዕረፍት ወደ ባሕር ሄዶ ሰፈሩ ጭር ብሏል...

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዴልሞ ባትላሜራ ነን። አሮጌ መኪና እናድሳለን። ያን ቀን የመጣችልን መኪና ግን ከሌሎቹ ትለያለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለአንድ ሀብታም ተብላ፣ ላሜራዋ በእጅ ተቀጥቅጦ የተሠራች ናት። ሁለተኛ የላትም።

ያመጧት ሲኞራ ኦታቪያ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ባላቸው ከጠፉ አምስት ዓመታቸው ነው።

"ሁሉንም አስተካክሉ። የግራውን የኋላ በር ግን እንዳትነኩት" አሉን።

በሩ ላይ አምስት ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ። ሁሉም ከውስጥ ወደ ውጭ ያበጡ...

ዴልሞ ሴትዮዋ እስኪወጡ ጠብቆ ሳቀ። "ጉብታ ትተን ብናስረክብ መሳቂያ መሆናችን ነው። ዝም ብለን እናስተካክለው።"

እሺ አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውስጥ ብረት ይደግፋል፣ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል። መዶሻዬን ይዤ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ዴልሞ ቀድሞኝ ገብቶ ከበሩ ሥር ያጎነበሰ መሰለኝ።

ጠቅ... መታሁ።

ጠቅ... ከውስጥ ብረቱ መለሰልኝ።

"ትንሽ ከፍ አድርገው" ስል ከፍ ይላል። "ወደ ቀኝ" ስል ወደ ቀኝ ይሄዳል። አምስቱም ጉብታዎች ጠፉ።

ያኔ ዴልሞ ሀብሐብ ታቅፎ በግቢው በር ገባ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው? ፀሐይ መታህ እንዴ?"

እጄ ላይ ያለው መዶሻ ከበደኝ።

"አንተ... ውስጥ አልነበርክም?" አልኩት በሹክሹክታ።

"የምን ውስጥ? ሀብሐብ ልገዛ ሄጄ!"

በመኪናዋ መስኮት አየን። ማንም የለም። የዴልሞ ብረት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

"ብረቴን ላውጣ" አለ።

"ተው፣ ዴልሞ።"

"ኧረ አትንቀጥቀጥ! አሮጌ መኪና እኮ ነው።"

ገባ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ...

ወዲያው ከፈትኩት። ወንበሩ ባዶ ነው።

ፖሊሶች መጥተው ፈለጉ፤ ምንም አላገኙም። ከበዓሉ በኋላ ሲኞራ ኦታቪያ መጡና በሩን በእጃቸው ዳሰሱት።

"አስተካከላችሁት" አሉ በቀስታ። "በየዓመቱ አንዲት ጉብታ ይጨምርልኝ ነበር። ባሌ በሕይወት መኖሩን የማውቀው በዚያ ነበር።"

"ወንድሜስ?"

"ጠብቅ። ምልክት ከላከ ግን መዶሻ እንዳታነሳበት።"

መኪናዋን ትተውልኝ ሄዱ። ማልቀስ ነበረብኝ። ዕንባ አልመጣልኝም። ሰውነቴ ሁሉ ደንዝዟል።

በመስከረም አንዲት ጉብታ ወጣች።

እናቴን አመጣኋት። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"እሱ ነው" አለች። "ልጄ ምሳ እንኳ አልበላም።"

"እማዬ፣ በሩን እንዳትከፍቺ። ወንበር ላምጣልሽ።"

"እሺ፣ ሂድ።"

ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስመለስ ጫማዎቿ ከመኪናዋ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመኪናዋን ምንጣፍ ላለማቆሸሽ አውልቃቸው ነው።

በሩን ከፈትኩ። ባዶ...

ዘጋሁት። አልጮህኩም። ጫማዎቿን አንስቼ አቧራቸውን ጠረግሁ። ባመጣሁላት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልተሰማኝም።

ላሜራው በዓይኔ ፊት ማበጥ ጀመረ። ትንሽ የሴት መዳፍ። የጋብቻ ቀለበቷ ሳይቀር ይታያል።

መዳፌን ገጠምኩበት። ሞቃት ነው።

የላሜራው ጣቶች ቀስ ብለው... በጣቶቼ መካከል ገቡ።