ስፌቱ ወደ ውጭ

ኢንስፔክተር ቀለምወርቅ ደበሌ ሟቿ ወደተኛችበት ክፍል የገባችው ግራ ክንዷን እያከከች ነበር። ሰው ፊት መሆኗም አላስቆማትም። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቆዳዋ እንቅልፍ ከነሳት ሁለት ዓመት ሆኖታል። አለቃዋ ኮማንደር ሳሃል ባለፈው ሳምንት ወደ ቢሮው ጠርቶ «ሰው ፊት አትከኪ፤ ካልሆነ የሕመም ፈቃድ ውሰጂ» ብሏት ነበር። እሷም «የሚያከው እጄ ነው፤ ዓይኔ ሥራ ላይ ነው» ብላ ወጣች። ኮማንደሩ በዚያች መልስ እስካሁን ቅር ብሎታል። ይበለው።

አልጋው ላይ በጀርባዋ የተኛችው ዒፍራህ ናት። ጅግጅጋ ጨርቅ ተራ ውስጥ የሶማሌ ሴቶች ረጅም የክት ቀሚስ የሆነው የድሪያ ትልቁ ሱቅ የእሷ ነበር። ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ የሚመጣውን የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ለስንቱ ሙሽራ የሸጠች የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ዛሬ ታጥቦ የሳሳ የጥጥ ሽቲ፣ ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ ለብሳ እስከ አገጯ አንሶላ ተሸፍናለች። አንገቷና ክንዶቿ ላይ ቀያይ መስመሮች ተጋድመዋል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ባሏ ዳሂር በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከመንገድ ሲመለስ ያገኛት እሱ ነው። ታናሽ እህቷ ኒምኮ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ከውጭ ደግሞ ጩኸት አለ። ለዒፍራህ የቆዳ መድኃኒት ታመጣላት የነበረችው አሮጊቷ ፈርሂያ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሰፈርተኛው መኪናውን ከቦ «መርዘኛ!» ይላል። አንድ ድንጋይ በሩን ሲመታ ተሰማ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ኮማንደር ሳሃል። «የአሮጊቷ ዘይት ቆዳዋን አቃጥሎ ገደላት። ክንዷን ተመልከቺ።»

«ይሄ የዘይት ሥራ አይደለም፣ ኮማንደር። የጥፍር ሥራ ነው። እኔም አለኝ፤ ላሳይዎት?»

ኮማንደሩ ፊቱን አዞረ።

ቀለምወርቅ ጎንበስ ብላ ጣቶቿን በሟቿ ፀጉር ውስጥ አስገባች። ላይ ላዩ ደርቋል፤ ሥሩ ግን እርጥብ ነው። ትራሱም ረጥቧል። ቀጥሎ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ሽቲውን መረመረች። ትከሻው ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ የሰሊጥ ዘይት እድፍ አለ። እድፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ደርቆ ተጣብቋል፤ ቃሲል የሚሉት የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው፣ የአገሩ ሴት ሁሉ የምትታጠብበት። የአንገትጌውን ጠርዝ ገልብጣ ውስጡን አየች። ምንም ዱቄት የለም። ሳታስበው እጇ ወደ ራሷ ካናቴራ አንገትጌ ሄደ።

«ምን አገኘሽ?» አለ ኮማንደሩ።

«ገና ነው» አለች። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ኒምኮን ነው። ኒምኮ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከሹክሪ ጋር እህቷ ቤት ትኖራለች።

«አባዮዬን፣ እህቴን፣ ያስታመምኳት እኔ ነኝ!» አለች እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። «ጀርባዋን በዘይት ያሸሁት በዚህ እጄ ነው። ያጠብኳት እኔ፣ ያለበስኳት እኔ። ወላሂ፣ የገዛ እጇ ነበርኩ።»

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ገበያ። የሹክሪ ሰርግ ደርሷል፤ አማቾቻችን ከሐርተሼክ ይመጣሉ። ስወጣ አባዮ ደህና ነበረች። ፈርሂያ ጠርሙሷን ይዛ ስትገባ በር ላይ ተላለፍን።»

«እህትዎ ምን ነበር ሕመሟ?»

«ማሳከክ ነዋ። ሰውነቷን ሁሉ። ለሰው ግን አንናገርም ነበር። የጨርቅ ነጋዴ ሆና እከክ አለባት ቢባል ማን ከእጇ ይገዛል?»

«እከክ ነበረ እንዴ?»

ኒምኮ ወደ ደጁ ዞረች። ቀለምወርቅ ግን አንድ ነገር ልብ ብላለች፤ ይቺ «የገዛ እጇ ነበርኩ» የምትል ሴት ስታለቅስ ከግድግዳው አልተላቀቀችም። አስከሬኑ ሲወጣ ግንባሩን የሳመው ዳሂር ብቻ ነበር።

ዳሂር ዕቃ ጫኝ መኪና ያለው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ከደወሌ መቼ ገቡ?»

«ከአሥር ሰዓት በኋላ። ገብቼ አገኘኋት።»

«መኪናዎ ከቀትር በፊት ከተማው መግቢያ ላይ ያለውን የከራማራን ኬላ አልፏል፣ አቶ ዳሂር።»

ዳሂር የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ከሰዓቱን ሁሉ የት ዋሉ?»

«አልናገርም። ምስጢር ነው።»

«የማን ምስጢር?»

«የእሷ» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላታለሁ።»

ኮማንደሩ ይህን ሲሰማ ተጠራጠረ፤ ግን ከውጭ ያለው ሕዝብ የሚፈልገው ዳሂርን አይደለም። የሚፈልገው አሮጊቷን ነው፤ ገበያ መሐል ያለችውን የቆርቆሮ መደብሯን ለማቃጠል ቤንዚን የያዘ ሰው መታየቱንም አንድ ፖሊስ መጥቶ ተናገረ።

ፈርሂያ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀለምወርቅ ስትገባ አሮጊቷ ያየችው ፊቷን ሳይሆን ክንዷን ነው።

«አንቺንም ይዞሻል፣ ልጄ።»

«ይዞኛል፣ ኢዶ» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«የወር አበባሽ ቀረ?»

ቀለምወርቅ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየችው፤ ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «ሊቀር ነው መሰለኝ፤ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል» አለች ጮክ ብላ። የሚሰማ ይስማ።

«እሷም እንደዚሁ ጀመራት። ሙቅ ውሃ ተዪ፤ ቀዝቀዝ ባለው ታጠቢ። ሽታ ያለው ሳሙና አይንካሽ። ገና ሰውነትሽ እርጥብ ሳለ ዘይት ተቀቢ። አላህ ቢፈቅድ ይቀልልሻል፤ ካልቀለለ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልብስሽን ደግሞ…» አሮጊቷ አንገትጌዋን አየችና ፈገግ አለች። «እሱን እንኳ ራስሽ ደርሰሽበታል።»

«ዛሬ ዒፍራህ ዘንድ ስትሄጂ ምን አለችሽ?»

«ዘይቱን ተቀበለችኝ። ልትታጠብ ነበር። ‹መደበቅ በቃኝ› አለችኝ። ‹በሹክሪ ሰርግ ጓዳ አልቀመጥም። ክንዴን ገልጬ ሴቶቹ መሐል እቀመጣለሁ፤ እከክ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ ዕድሜ ነው እላቸዋለሁ› አለች። ስቄ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።» ፈርሂያ ዓይኗን ጨፈነች። «መደብሬን ያቃጥሉታል?»

«አያቃጥሉትም» አለች ቀለምወርቅ፤ በምን እንደምትከለክላቸው ግን ገና አላወቀችም።

ጠዋት ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። በዒፍራህ ሳንባ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል። ከራስ ቅሏ በስተኋላም የምት ምልክት አለ። መርዝ የለም።

«እንግዲያው አሮጊቷ አሰጠመቻት» አለ ኮማንደሩ። «ወይ ባልየው። ሽማግሌዎቹ ለቀብር እየጠበቁ ነው፤ ሕዝቡም እየጠበቀ ነው። ዛሬ አንድ ስም ስጪኝ።»

«አንድ ሽቲ ይስጡኝና ስም እሰጥዎታለሁ።»

ቀለምወርቅ የሟቿን ቁም ሳጥን ከፈተች። ውስጡ የጥጥ ሽቲዎች ታጥፈው ተደርድረዋል። አንዱን አንስታ አየችው፣ ሌላውንም። ከዚያ ኒምኮን፣ ዳሂርንና ከጣቢያ የመጣችውን ፈርሂያን አንድ በአንድ ብቻቸውን ወደ ክፍሉ አስገባች። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሽቲ ሰጥታ ያለቻቸው አንድ ነገር ነው፦ «ዒፍራህ ማታ እንደምትለብሰው አድርጋችሁ አልጋው ላይ ዘርጉልኝ።»

ሲጨርሱ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፈርሂያ በሁለት ፖሊሶች መሐል ተቀምጣለች። ዳሂር መስኮቱ ጋ፣ ኒምኮ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት። ኮማንደር ሳሃል እጁን አጣምሮ ቆሟል። ነፋሱ የግቢውን አቧራ እየጠረገ ከመዝጊያው ሥር ያስገባል። ቀለምወርቅ ሦስቱን ሽቲዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አንገቷን አከከች፤ ደህና አድርጋ፣ ሳትቸኩል።

«ዒፍራህ የሞተችው አልጋ ላይ አይደለም» አለች። «ሳንባዋ ውስጥ ውሃ ነበረ፤ የፀጉሯ ሥር አልደረቀም። የሞተችው መታጠቢያ ቤት፣ የሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ ነው። የሚታጠብ ሰው ልብሱን ያወልቃል። ያገኘናት ግን ለብሳ ነው። ስለዚህ ከሞተች በኋላ ያለበሳት ሰው አለ።»

«ማን?» አለ ኮማንደሩ።

«ሽቲው ይናገራል። የለበሰችው ሽቲ ላይ ዘይቱና ቃሲሉ የነበረው ከውጭ ነው። ቆዳዋን የሚነካው ወገን ንጹህ ነበር። ዘይት የሚቀባው ቆዳ እንጂ ጨርቅ አይደለም። ታዲያ ዘይቱ እንዴት ውጭ ሆነ?»

በአንዱ ሽቲ ስፌት ላይ ጣቷን አሳለፈች።

«ምክንያቱም ዒፍራህ ሽቲዋን ገልብጣ ነበር የምትለብሰው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ።»

«ልብስ ሲታጠብ ሁሉም ገልብጦ ያሰጣል» አለ ኮማንደሩ። «ይሄ ምን ማስረጃ ነው?»

«እኔም ሌላ ሰው ብሆን እንደርስዎ እል ነበር። ግን…» ቀለምወርቅ የሸሚዟን ሁለት ቁልፎች ፈታ ካናቴራዋን አሳየች። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። ኮማንደሩ ደነገጠ። «እንደዚህ የሚያሳክከው ሰው ስፌት ቆዳው ላይ አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ እንደ እሾህ ይወጋዋል። ቁም ሳጥኗ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተገልብጠው ነው የታጠፉት፤ የአንገታቸው ምልክትም በመቀስ ተቆርጧል። እንግዲህ የሞተችውን ያለበሳት ሰው ከመታጠቢያ ቤቱ ሚስማር ላይ ተገልብጦ ያገኘውን ሽቲ በደንቡ መልሶ ነው ያለበሳት። ይህን ልማዷን አያውቅም ነበር ማለት ነው።»

የመጀመሪያውን ሽቲ አነሳች። «ለኢዶ ፈርሂያ ሽቲውን በደንቡ አድርጌ ሰጠኋት። ገልብጣ ዘረጋችው። ለአቶ ዳሂርም በደንቡ አድርጌ ሰጠሁት። እሱም አንድ ቃል ሳይናገር ገልብጦ ዘረጋው።»

«ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማዘጋጅላት» አለ ዳሂር ወደ መስኮቱ እያየ። «ጀርባዋንም የማሸው እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ስሆን ትቸገር ነበር።»

«ለወይዘሮ ኒምኮ ግን ከቁም ሳጥኑ እንዳወጣሁት፣ እንደተገለበጠ ሰጠኋት።» ሦስተኛውን ከፍ አድርጋ አሳየች። «አስተካክላ በደንቡ ዘረጋችልኝ።»

ሁሉም ወደ ኒምኮ ዞሩ።

«ያለበስኳት እኔ፣ ያጠብኳት እኔ አሉኝ» አለች ቀለምወርቅ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልነኳትም። ትላንት ግን ነኩ።»

«አልገደልኳትም!» ኒምኮ ተነሳች። «ከገበያ ስመለስ ትታጠብ ነበር። በሰርጉ ቀን ተደበቂልን፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ብዬ ለመንኳት! ከአማቾቻችን ፊት ክንዷን ልትገልጥ ነበር። ደማቸው ውስጥ በሽታ አለ ብለው ሹክሪን ቢተዉብኝስ? እምቢ አለችኝ። ሳቀችብኝ። ገፋኋት… ጭንቅላቷ ገንዳውን መታው።»

«ፊቷ ውሃ ውስጥ ነበር። ለምን አላነሷትም?»

ኒምኮ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው።

«እርጥብ ነበረች። ቆዳዋ ሁሉ… ቢተላለፍብኝስ ብዬ ፈራሁ። ጓንት ላመጣ ወጥ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ሞታለች። ራቁቷን ልተዋት አልቻልኩም፤ ጓንቱን አድርጌ አልጋው ላይ አወጣኋትና አለበስኳት። እህቴ ናት። ነውር ነው።»

ዳሂር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀለምወርቅ በሕይወቷ ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች፤ እንደዚህ ያናደዳት ግን የለም። የማይተላለፍ ነገር ፈርታ፣ ጓንት ፍለጋ እህቷን ትታ ሄደች። ተናግራ እንዳትሳደብ ክንዷን እስኪቀላ አከከች።

ኒምኮን ሲወስዷት ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሮጊቷን በጓሮ በር እናውጣት። ሕዝቡ አሁንም አልተበተነም።»

«በጓሮ የሚወጣ ሌባ ነው» አለች ቀለምወርቅ። ፈርሂያን ክንዷን ይዛ በፊት ለፊቱ በር አወጣቻት። ሽማግሌዎቹና ሰፈርተኛው መንገድ ለቀቁ። ቀለምወርቅ የሆነውን ሁሉ በሶማሊኛ ነገረቻቸው፤ ማሳከኩን፣ ዕድሜውን፣ የወር አበባውን ጭምር፣ አንድም ቃል ሳትደብቅ። ከኋላ የቆሙ አንዲት ሴትዮ ሻርፓቸውን አስተካክለው የገዛ ክንዳቸውን ማከክ ጀመሩ።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ዳሂር ጣቢያ መጣ።

«የዋልኩበትን ልንገርሽ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። የወር አበባ ሲቆም ቆዳ ይደርቃል፣ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ መድኃኒት አለው አለኝ። ሌላ ምክንያት እንዳይኖርም ደሟን ልመርምር አለ። ልነግራት ነበር የገባሁት።» ቆም አለ። «ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው። ሐኪሙን ለምኜዋለሁ፤ አንቺ ሂጂበት።»

ሐሙስ ጠዋት ቀለምወርቅ የደንብ ልብሷን ትታ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ለበሰች። መንገዱን በእግሯ ነው የሄደችው፤ ያያት አየ፣ የሳቀም ሳቀ። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው በትህትና አስቆማት።

«አባዮ፣ ይቅርታ፣ ሸሚዝሽ ተገልብጧል።»

«አውቃለሁ» አለችና ክንዷን እያከከች ገባች።