ድቡ አዎ ብሏል

ቅዳሜ ጠዋት ኢሊንካ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ ዳቦ ላይ የፕለም ማርማላታ ቀብታ ቆማ በላች። እናቷ የሥራ ጋዋኗን እየተኮሰች «ሻይሽን ጨርሺ» አለቻት፤ ጨረሰች። ደረጃውን ስትወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእማማ ቬታ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ሄዳ ሱፐርማርኬቱ ጋ ወረደች። ከዕቃ ማከማቻው ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብታ ድብ ሆነች።

ድቡ ኡርሲላ ይባላል። የእርጎው ዕቃ ላይ የተሳለው፣ ቢጫ ሻርፕ ያሰረው ድብ ነው። በየእርጎው ክዳን ሥር አንድ የኡርሲላ ምስል ይገኛል፦ የሚዋኘው፣ የሚተኛው፣ ኳስ የሚመታው። ሁሉም አሥራ ሁለት ናቸው፤ በቦቶሻኒ ከተማ አሥራ ሁለቱንም በቃሉ የማያውቅ ልጅ የለም። በማስታወቂያው ላይ ኡርሲላ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ከሥሩ «አሥራ ሁለቱን ሰብስብ፤ ኡርሲላ ምኞትህን ይሰማል» የሚል ተጽፏል።

ሥራውን ያገኘችላት የክፍል ጓደኛዋ ራሉካ ናት። የድቡን ትልቅ ጭንቅላት ስትደፋባት «አቦ፣ እንዴት አምሮብሻል! ከአሁን በኋላ ባታወልቂው ይሻላል» አለቻት።

«ዝም በይና ዚፑን ዝጊው።»

የማስታወቂያው ኃላፊ ዶሪን በር ላይ ቆሞ ሕጉን ደገመላት። «አትናገሪም። ልጆች ፊት ጭንቅላቱን አታወልቂም። ለጠየቁሽ ሁሉ ራስሽን በአዎንታ መነቅነቅ ነው፤ በቃ። እምቢ የሚል ድብ እርጎ አይሸጥም።»

ውስጡ ይሞቃል፤ ከእሷ በፊት የለበሰው ሰው ላብ ይሸታል። ወደ ውጭ የምታየው በድቡ አፍ በኩል ነው። ልጆቹ ግን ከሩቅ እየጮኹ ሮጠው መጥተው እግሯ ላይ ይጠመጠሙ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም እንደዚያ ወደ እሷ ሮጦ አያውቅም። ደስ አላት። በኋላ ስታስበው ያሳፈራት አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ኔሉ ሌሎቹ ልጆች እስኪጨርሱ ጥግ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአያቱ ከእማማ ቬታ ጋር ይኖራል። እናቱ ጣሊያን አገር ከአልጋ የማይነሱ አሮጊት ታስታምማለች፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ተራው ሲደርስ በጣቱ ጎንበስ እንድትል ምልክት ሰጣት። ጎንበስ አለች።

«ኡርሲላ፣ ዘጠኝ አለኝ» አላት በሹክሹክታ። «አሥራ ሁለት ሲሞላልኝ እማዬን ታመጣታለህ?»

ኢሊንካ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሕጉ ነው።

«በእውነት? ለገና ሳይሆን፣ ወዲያው?»

ይህኛውን ልታልፈው ትችል ነበር። እጇን ልታወዛውዝ፣ ወደ ሌላ ልጅ ልትዞር ትችል ነበር። ግን የኔሉ ፊት ከድቡ አፍ ፊት ለፊት ነበር፤ እንደዚያ አምኖ ያያት ሰው አልነበረም። ደግማ ነቀነቀች።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እማማ ቬታን ደረጃው ላይ ከባድ ከረጢት ይዘው አገኘቻቸው።

«ላግዝዎት፣ እማማ?»

«ያዢልኝ፣ ልጄ። እርጎ ነው። ሌላ ምግብ በአፌ አይዞርም ብሎኛል። ጠዋት እርጎ፣ ማታ እርጎ! ሳይታለብ አይቀርም በቅርቡ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «እሑድ እናቱ ስትደውል ስልኩን አልይዝም አለ። ‹ልትመጣ አይደል፣ ለምን አወራታለሁ?› ይለኛል። እሷ እዚያ ታለቅሳለች፣ እኔ እዚህ። የራሱን ልብስ ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ ወለል ላይ ከምሮታል፤ ለእሷ ቦታ መልቀቁ ነው። ማን እንደነገረው ብጠይቀው ምስጢር ነው አለኝ።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ለገናም እንጃ። አሮጊቷን ለማን ጥላ?»

ኢሊንካ ከረጢቱን በራቸው ላይ አስቀምጣ፣ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ፣ ወደ አምስተኛ ፎቅ ሮጠች።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ለራሉካ ነገረቻት።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለች ራሉካ ሱፍ እየፈለፈለች። «ልጅ ይረሳል።»

«ኔሉ አይረሳም።»

«አንቺ ድብ ነሽ እንጂ ቄስ አይደለሽም። እኔ በሰባት ዓመቴ አንድ ዘፋኝ ላገባ ነበር፤ ፎቶውን ስሜ ተኝቼ አውቃለሁ። አገባሁት? አላገባሁትም። ሞትኩ? አልሞትኩም። አታካብጂ።»

«አንቺን ዘፋኙ ‹አገባሻለሁ› አላለሽም።»

ራሉካ ሱፉን መፈልፈል አቆመች። «ኤጭ፣ አንቺ ደግሞ!» አለች።

ሐሙስ የእነ ኢሊንካ በር ተንኳኳ። ኔሉ ክዳኖቹን በጫማ ካርቶን ይዞ ቆሟል።

«ኢሊ፣ የሚተኛው አለሽ? አሥራ አንድ ሞልቶልኛል። እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

የሚተኛው በመሳቢያዋ ውስጥ አራት ነበራት፤ ዶሪን ለሠራተኞቹ በላስቲክ አድሏቸዋል።

«የለኝም» አለችው።

«ካገኘሽ ለእኔ፣ እሺ? ለሁለተኛ ፎቆቹ ልጆች እንዳትሰጪ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ።»

በሩን ዘግታ ጀርባዋን ተደገፈችው። ክዳኑን ብትደብቀውም ኔሉ እርጎውን አይተውም፤ ነገ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ከአንዱ ክዳን ሥር ያገኘዋል። ከዚያ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስንት ቀን እንደሚጠብቅ ማንም አያውቅም። እማማ ቬታ ሲጠብቅ ያዩታል እንጂ የሚጠብቀው በማን ቃል እንደሆነ አያውቁም። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንኳኳች። ኔሉ ራሱ ከፈተ።

«አገኘሽው?»

«ኔሉ፣ ቅዳሜ ድቡ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸታም!» ሳቀ። «ድቡ ትልቅ ነው። አንቺ ቀጫጫ።»

«‹ለገና ሳይሆን፣ ወዲያው› አልከኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀርቶ ቀስ እያለ ጠፋ። ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር።

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሕጉን፣ ዶሪንን። ደረጃ ስትወጣ ለራሷ ደጋግማ ብላዋለች።

«የመጀመሪያውን ታዝዤ ነው» አለች። «ሁለተኛውን ማንም አላዘዘኝም። እንደዚያ ስታየኝ ደስ ስላለኝ ነው።»

«እኔ ያየሁት ኡርሲላን ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኔሉ የበሩን እጀታ ወደ ታች ወደ ላይ አደረገው። «አንቺ ሳትኖሪ ውስጡ ማን አለ?»

«ማንም። ሚስማር ላይ ይሰቀላል።»

«እማዬስ? አሥራ አንድ እንደደረስኩ አታውቅም?»

«አታውቅም። ስልኩን ስላልያዝክላት ግን አልቅሳለች።»

ከውስጥ እማማ ቬታ «ማነው የመጣው?» ሲሉ ተሰማ።

«ማንም» አለ ኔሉ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋባት ይሻላት ነበር።

ማምሻውን ለዶሪን ደወለች።

«ነገ አልመጣም።»

«አመመሽ እንዴ?»

አሞኛል ማለት ቀላል ነበር። «ደህና ነኝ። አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልጆቹ እኮ ይወዱሻል!»

«እኔን አይደለም» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ የሕንፃው ልጆች ክዳኖቻቸውን እያንኳኩ እየተጋፉ ወደ ሱፐርማርኬቱ ሲወርዱ በመስኮት አየቻቸው። ድቡን ሌላ ሰው ለብሶታል።

እሑድ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ የሦስተኛ ፎቅ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ኔሉ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል። ስለ ጥርሱ ነገራት፤ ስለ ሁለተኛ ፎቆቹ ውሻ ነገራት። «እሺ እማዬ» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «እሺ»። በሌሎቹ እሑዶች ከሰላምታው በፊት የሚጠይቃት ነገር ነበር፤ ድምፁ እስከ አምስተኛ ፎቅ ይሰማል።

መቼ እንደምትመጣ አልጠየቃትም።