በገመዱ ላይ ሁለት ዓሣ

ሳጅን ኦፌሊያ ካንቱ አስክሬኑ አጠገብ ስትንበረከክ ቀድማ ያየችው የሟቹን ፊት ሳይሆን ዓሣዎቹን ነበር።

ሟቹ ዌንደል ብሩሳርድ ይባላል፤ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ከነዳጅ ማጣሪያው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየጥቅምቱ ባሕር ዳር ወዳለው ፔሊካን ምላስ ፓርክ እየመጣ ድንኳኑን ይተክል ነበር። አሁን ከድንጋዩ ግድብ ሥር፣ ሰማያዊ ሸራ ላይ ተጋድሟል። እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪ ለብሷል፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ከቀበቶው ላይ በድርብ ቋጠሮ የታሰረ ሦስት ክንድ ገመድ ወርዷል፤ ጫፉ ላይ ትራውት የሚባሉ ሁለት ነጠብጣም ዓሣዎች በአፋቸው ተሰክተዋል።

«መስጠም ነው፤» አለ ዳኛ ፎንቴኖ ሰዓቱን እያየ። አውራጃው የአስክሬን ሐኪም ስለሌለው የሞትን ምክንያት አጣርቶ የሚፈርመው እሱ ነው። «ድንጋዩ አዳለጠው፣ ራሱን መታ፣ ሰጠመ። ወንድሙ አስክሬኑ ዛሬውኑ እንዲቃጠል ይፈልጋል። ስድስት ሰዓት ላይ ፈርሜ እሄዳለሁ።»

«ከስድስት ሰዓት በፊት መልስ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«የምን መልስ? ጥያቄ አለ እንዴ?»

«የዓሣዎቹ ዓይን ነጭ ነው።»

ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ። «የሞተ ዓሣ ዓይኑ ምን እንዲሆንልሽ ነው የፈለግሽው ኦፌሊያ?»

ኦፌሊያ ሜትሯን አውጥታ ዓሣዎቹን ለካች። አንዱ አሥራ ሰባት ኢንች፣ ሌላው አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ቁጥሮቹን መዳፏ ላይ ጻፈች።

ቀና ስትል አንዲት ሴት እጅጌዋን ያዘቻት። የሟቹ ልጅ ጆሊን ናት፤ ከሆስፒታል የሌሊት ተረኝነት በቀጥታ መጥታ የነርስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከኋላዋ ልጆች ካይት ያበርራሉ፤ ከየድንኳኑ የሚጠበስ ቤከን ይሸታል።

«ሳጅን፣ አባቴ ትናንት ከሰዓት ደወለልኝ። "ኮዲ መሪውን አልያዘም። ማን እንደያዘው አውቄያለሁ። በስልክ አይሆንም፣ ነገ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ሰኞ ሰውየውን ይዤ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ" አለኝ። ይኸው መጣሁ። አሁን ማን ይንገረኝ?»

የኮዲን ነገር ባሕረ ሰላጤው ዳር የማያውቅ የለም። ኮዲ የጆሊን ታናሽ ወንድም ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሞተር ጀልባ የአንድን የክራብ አጥማጅ ታንኳ ሰንጥቆ ሰውየውን ገደለ። ጀልባው ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኮዲ፣ አጎቱ ላይልና የአባቱ ጓደኛ ሆሊስ ቴት። ኮዲ በግጭቱ ራሱን ተመትቶ ምንም አያስታውስም። ሁለቱ ሰዎች «መሪው ላይ እሱ ነበር» ብለው ማሉ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

«ይህ ዳኛ "ሰጠመ" ብሎ ከፈረመ አባቴም ይቃጠላል፣ የሚያውቀውም አብሮት ይቃጠላል፤» አለች ጆሊን። «ኮዲ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። አይችለውም። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ "ከእንግዲህ አትምጪ" አለኝ።»

«የዚያን ቀን ጀልባው ላይ የነበሩት ሁለቱም ዛሬ እዚህ ናቸው አይደል?»

«ሁለቱም።»

ላይል ብሩሳርድ ከመኪናው ጎን ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ሦስት ረጃጅም ዘንጎች አሸዋው ላይ ተተክለዋል፤ ክሮቻቸው ማዕበሉ ውስጥ ገብተዋል። ወንድሙ የሞተበት ሰው ዘንጎቹን አለመንቀሉን ኦፌሊያ ልብ አለች፤ ሐዘን ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ጠባይ አለውና ለብቻው እንደ ማስረጃ አልቆጠረችውም።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ። ዘንጉን ይዞ ውሃ ሲገባ። "ሁለት ይዤ ልምጣ፣ መጥበሻውን አሙቅ" አለኝ። እኔ ወደ መንጠቆ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቋን ጠይቂያት፤ እስከ ሦስት ሰዓት እዚያው ነበርኩ።»

«ጠይቄያታለሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ገብተዋል። ለምን አብረውት ውሃ አልገቡም?»

«እኔ? ከጉልበቴ በላይ ውሃ አልገባም። ዌንደል በዚህ ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ኖሯል።» ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ይልቅ ሆሊስን ጠይቂው። ትናንት ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ጠዋት የት እንደነበረም ያየው የለም።»

ሆሊስ ቴት ድንኳኑ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ተገኘ። ትልቅ ሰውነት አለው።

«ተኝቼ ነበር ሳጅን። ለብቻዬ። ምስክር የለኝም። ከፈለግሽ እሰሪኝ።»

«ማሰር አይጠፋም ሆሊስ። ስለ ምን ተጣላችሁ?»

«"ያላየኸውን ለምን ማልክ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ኮዲን መሪው ላይ ያየሁት ከግጭቱ በፊት፣ ከወደቡ ስንወጣ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ መረብ እፈታ ነበር። ላይል "ኮዲ ነው" አለ፤ እኔም "ኮዲ ነው" አልኩ። አራት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅሯል።»

«ወይም መሪውን የያዝከው አንተው ነህ።»

«ወይም እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ማለት ትችያለሽ፤» አለ ሆሊስ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «ማን ያምነኛል?»

«ከጸብ በኋላ የት ሄድክ?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዓሣ ሲጠብሱ ጠሩኝ። እስከ አራት ሰዓት አዘፈኑኝ። ድምፄን ስለማታውቂው ነው እንጂ ታዝኝላቸው ነበር። ስመለስ የዌንደል ድንኳን ጨለማ ነበር፤ ተኝቷል ብዬ እኔም ተኛሁ።»

«ከዌንደል ጋር ውሃ ስትገቡ ስንት ዓመታችሁ ነው?»

«ሃያ።»

«የዓሣ ገመዱን ቀበቶው ላይ እንዴት ነው የሚያደርገው?»

ሆሊስ ጥያቄው ግራ አጋባው። «ጫፉን ይሸጉጠዋል እንጂ ሌላ እንዴት ያደርገዋል? ሻርክ መጥቶ ዓሣውን ሲጎትት ገመዱ ተመዞ አብሮት ይሄዳል፤ ሰውየው ይቀራል። ቋጥሮ የሚገባ ራሱን ለሻርክ ያሰረ ነው።»

«ትናንት ስንት ያዛችሁ?»

«አምስት ትራውት። የፓርኩ ዓሣ ቆጣሪ ልጅ አንድ በአንድ ለክታ ጻፈች። ከዚያ ላይል መኪና ላይ ያለው የበረዶ ሣጥን ውስጥ ከተትናቸው።»

ኦፌሊያ ወደ ቆጣሪዋ ሄደች። ልጅቱ በየቀኑ ከየአጥማጁ ዓሣ እየለካች ትመዘግባለች፤ ብዙዎች በሥራዋ ይቀልዳሉ። ኦፌሊያ መዝገቡን ተዋሰች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም በላይል መኪና ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዳኛው ብዕሩን ይዟል። ጆሊን በሁለቱ ሰዎች መካከል ቆማ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች።

«ከገመዱ እጀምራለሁ፤» አለች ኦፌሊያ። «ዌንደል ሃያ ዓመት ሙሉ ገመዱን ሲሸጉጥ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ግን ገመዱ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። ራሱ አላሰረውም፤ ውሃ የሚገባ ሌላ አጥማጅም አላሰረውም። ያሰረው ውሃ የማይገባ ሰው ነው።»

«ይቺ ናት ማስረጃሽ?» አለ ላይል። «ቋጠሮ?»

«ገና ነኝ። ገመዱ ላይ ያሉት ዓሣዎች ዓይናቸው ነጥቷል። ጠዋት ተይዞ ገመድ ላይ የዋለ ዓሣ ዓይኑ ጥቁርና ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ወተት የሚመስለው በረዶ ላይ ያደረ ዓሣ ነው።»

«ውሃ ውስጥ ቆይቶ ነዋ! የዓሣ ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»

«አልሆንኩም፤ ስለዚህ ቆጠርኩ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ቆጣሪዋ አምስት ዓሣ ለክታለች። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት ተኩል፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ዳኛ ፎንቴኖ፣ እባክዎ ሣጥኑን ይክፈቱና ይለኩ።»

ዳኛው ከፈተ። ሦስት ዓሣ ነበር። ቀስ ብሎ ለካ። «አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት ተኩል... አሥራ ዘጠኝ።»

ኦፌሊያ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው። «የጎደሉት አሥራ ሰባትና አሥራ ዘጠኝ ተኩል ናቸው። የሟቹ ገመድ ላይ ያሉት እነዚሁ ናቸው። ከበረዶ ሣጥን ዓሣ አውጥቶ፣ ወገቡ ላይ አስሮ ዓሣ ሊያጠምድ የሚሄድ ሰው የለም። ዌንደል ዛሬ ጠዋት አላጠመደም። ጎህ ሲቀድም አልነበረም። የሞተው ትናንት ሲመሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከእርስዎ በቀር አየሁት የሚል የለም፣ ማታም ድንኳኑ ጨለማ ነበር፤ ዓሣዎቹና የጎማ ሱሪው የጠዋት ሞት ለማስመሰል የተጨመሩ ናቸው። የጠዋቱ ሞት የሚጠቅመው ደግሞ ጠዋት ምስክር ያለውን ሰው ነው። ሆሊስ የጠዋት ምስክር የለውም፤ የምሽት ግን ሰላሳ ዘማሪ አለው። ሚስተር ላይል፣ "አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ሲገባ አየሁት፣ አናገረኝ" ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሞተ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሰው ምን ብሎ አናገረዎት?»

ከላይል ዘንጎች አንዱ ጎበጠ፤ ዓሣ ነክሶ ነበር። ዘወር ብሎ ያየው የለም።

ዳኛው ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ኦፌሊያ እጀ ሙቁን አወጣችና ሕጉ ግድ የሚላትን ተናገረች። «ዝም የማለት መብት አለዎት። የሚናገሩት ሁሉ...»

ጆሊን እያንዳንዱን ቃል በር ሲዘጋ እንደሚሰማ ሰው ሰማችው። ገዳዩ ተገኘ። ግን ኮዲን ሊያስፈታ የሚችለው ብቸኛ አንደበት የእሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ዝም እንዲል እየተነገረው ነው። እየሮጠች መጥታ እግሩ ሥር አሸዋው ላይ ወደቀች።

«ጆሊን፣ ተነሺ፤» አለች ኦፌሊያ።

«አልነሳም! አጎቴ፣ ስለ አባቴ አልጠይቅህም። ስለ እሱ እስክትሞት ዝም በል። ስለ ኮዲ ብቻ ተናገር። ጥምቀቱ ላይ ያቀፍከው አንተ ነህ። ስምንት ዓመት አይቆይም አጎቴ፣ ራሱን ያጠፋል።»

ላይል ከላይዋ አሻግሮ ዳኛውን አየ።

«መሪው ላይ እኔ ነበርኩ፤» አለ በዝግታ።

«ጮክ በል፤» አለች ጆሊን።

«እኔ ነበርኩ። ኮዲን አስነስቼ ቦታው ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ምንም አላጠፋም።»

«ድገመው። ዳኛው ይጻፍ፣ ሚስተር ሆሊስም ይስማ። ድገመው!»

ላይል ደገመው። ሦስተኛም አስባለችው። ዳኛው ጽፎ ጨርሶ ቃሉን አንብቦ ሲያሰማት ከአሸዋው ተነሳች፤ ወደ ሰማያዊው ሸራ ሄዳ ተቀመጠች። አባቷን ማልቀስ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።