ማግኔት የማይዘው ፒክአፕ

ማግኔቱ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ።

አቶ ያርጋል ጎንበስ ብለው አነሱት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉትና እንደገና የፒክአፑ በር ላይ ለጠፉት። አልያዘም። ኮፈኑ ላይ ሞከሩ፤ ተንሸራቶ ወረደ። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ሞከሩ፤ ያው ነው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ማግኔት ነው። ደባርቅ ላይ አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ያለ ማግኔት አይመጣም። የተጋጨ መኪና ሲጠገን ጉድጓዱ በስቱኮ ይለሰንና ቀለም ይቀባበታል፤ ስቱኮ ደግሞ ማግኔት አይዝም። ከያዘ ብረት ነው፣ ከወደቀ ተንኮል አለ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

«አለምነህ፣» አሉ አቶ ያርጋል ቀና ብለው፣ «ይኼ መኪና እንዳለ ስቱኮ ነው እንዴ?»

የአለምነህ ልጅ ሸጊቱ የማጠቢያውን ባልዲ እንደያዘች ከጎን ቆማለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሳቋ መጥቶ ነበር፤ አባቷ አለመሳቁን ስታይ ዋጠችው።

አባቷ ማስረዳት ጀመረ። ቦዲው አሉሚኒየም ነው፣ ማግኔት ደግሞ አሉሚኒየም አይዝም አለ። ዝገት የሚባል ነገር አያውቀውም፤ የደባርቅ ጉምና ዝናብ የስንቱን መኪና በር ወንፊት ሲያደርገው ይኼኛውን ንክች አላደረገውም አለ። ቀላል ስለሆነ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን ሲወጣ አያቃስትም፣ ነዳጅም ይቆጥባል አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር፤ መኪናውን እንደገዛው ሰሞን እንዲህ ነበር የሚያወራው።

አቶ ያርጋል ሰምተው ሰምተው፣ «አሉሚኒየም እኮ ድስት ነው» አሉ። «እኔ ሰው ልጭንበት ነው እንጂ ሽሮ ልሠራበት ነው?»

ከኋላ፣ የጭነቱ ካሶኒ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን የምታወዛውዘው ልጃቸው ሶልያና ከት ብላ ሳቀች። ሶልያናና ሸጊቱ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሶልያና አባቷ ፒክአፑን ሊያዩ ሲመጡ «እኔም ልምጣ» ብላ ተከትላ የመጣችው ለመኪናው ብላ ሳይሆን ለሸጊቱ ብላ ነው።

አቶ ያርጋል ግን ገና አልጨረሱም። ወደ ካሶኒው ወጡና ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ጎማ ገለጥ አድርገው ማግኔቱን አስቀመጡት። ቀጭ አለ። በአንድ እጅ ቢስቡት እምቢ አለ፤ በሁለት እጃቸው ነው ያላቀቁት። እንደገና ለጠፉት፣ እንደገና ቀጭ አለ።

«አይ አለምነህ! ይኸው ብረት! ምነው እስካሁን ዝም አልከኝ?» ፊታቸው በራ። «ወለሉ ይህን ያህል ከጠነከረ ሌላው ድስትም ይሁን ጣሳ ጉዳዬ አይደለም።»

አለምነህ ጎማውን ጎትቶ መልሶ አለበሰው።

እንግዲህ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማግኔቱ የያዘው ያ አንድ ቦታ፣ መኪናው የታመመበት ያ አንድ ቦታ ነበር።

አለምነህ ፒክአፑን የገዛው ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጨረታ ነው። ከውጭ የመጣ፣ አገሩ ላይ ወንድም የሌለው መኪና። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ እንከን ሠራበት። ቀላልነቱ ግን ልቡን አሳበጠው። «ምን አለበት፣ ይችላል» እያለ ከልኩ በላይ መጫን ጀመረ። አንድ ቀን ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ሲጭኑ አንዱ ጫኝ ትልቁን ድንጋይ ከላይ ወረወረው። የብረት ካሶኒ ቢሆን ጎድጎድ ብሎ ይቀር ነበር፤ ይኼኛው ተሰነጠቀ።

በያጁ ገዱ ጋ ወሰደው። ገዱ ከማረሻ እስከ መስኮት የማይበይደው የለም። ግን ብረት ሲግል ፍም መስሎ ይቀላል፤ «ልቀልጥ ነው፣ ተጠንቀቅ» ይላል። አሉሚኒየም አይቀላም፣ ምንም አይልም፤ ድንገት ፈስሶ እግርህ ሥር ይገኛል። ስንጥቁ ቀዳዳ ሆነ። ጎንደር ሄደ፣ «አዲስ አበባ ነው የሚበየደው» አሉት። አዲስ አበባ ደወለ፣ ወለሉ ተነስቶ መቀየር አለበት፣ እሱም ከውጭ ካልመጣ አይገኝም አሉት። ቢቸግረው ገዱ ከላይ የብረት ላሜራ ደረበና በቡሎን ጠረቀመለት።

ብረትና አሉሚኒየም ግን ውሃ ሲያገኛቸው እሳትና ጭድ ናቸው፤ አሉሚኒየሙ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ይህን መጀመሪያ ያየችው ሸጊቱ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን የምታጥበው እሷ ናትና። ከሥር ገብታ ስታጥብ ነጭ ዱቄት እጇ ላይ ረገፈ። ከተጫነ ጆንያ የፈሰሰ ዱቄት መስሏት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨመረ፣ በሌላው ቅዳሜ ደግሞ ይበልጥ ጨመረ። አሁን ካሶኒውን ከመኪናው አጥንት ከሻንሲው ጋር የያዙት የፊት ቡሎኖች ዙሪያቸው ተበልቶ በሁለት ጣት ይወዘወዛሉ፤ ጠመዝማዛ ላይ ጭነት ቢያናውጠው ካሶኒው ሊነቀል ይችላል። ከላይ ጎማ ተነጥፎበታል፤ ሳይንበረከክ የሚያየው የለም።

«ሸጊቱ፣» አሉ አቶ ያርጋል ከካሶኒው እየወረዱ፣ «አንቺ የልጄ ጓደኛ ነሽ፣ አትዋሺኝም። አባትሽ መኪናውን እንዴት ነው የያዘው?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አባቷ ብቻ መሬት መሬት አየ።

«በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፣ ጋሼ» አለች።

እውነት ነው፤ ታጥበዋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አቶ ያርጋል መልሱን ወደዱት። ከምሳ በኋላ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ነድተው ሊሞክሩት፣ ሲመለሱ ውሉን ሊጽፉ ተስማሙ። ሰኞ ደግሞ ገበያተኛ ጭነው ወደ ዛሪማ ሊወርዱ አስበዋል። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሸጊቱ ባልዲውን ደፍታ ጨርቁን ጨመቀች፤ ደረቅ ሆኖም መጭመቋን አልተወችም።

«አባ፣ ከሥሩ አላሳየሃቸውም።»

«አላሳየሁም።»

«ሰው ሊጭኑበት ነው እኮ።»

አለምነህ አልተቆጣም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ካሶኒው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ አበሰ። ሦስት ወር ሙሉ ገዢ ሲፈልግ ከርሟል፤ የመጣው ሁሉ ማግኔቱ ሲወድቅ እየሳቀ ይሄዳል። ይኼ ከተሸጠ አሮጌም ቢሆን የብረት ፒክአፕ ገዝቶ ሥራውን ይቀጥላል። ካልተሸጠ ተመልሶ አምቢኮ፣ የአባቱ እርሻ ላይ መግባት ነው። አምቢኮ ገብስ አለ፣ በግ አለ፣ ዘመድ አለ። ለሸጊቱ ክፍል የሚሆን ትምህርት ቤት ግን በእግር ተኪዶ በሚመለሱበት ርቀት የለም። ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገጠር ልጆች ሞልተዋል፤ አባቷ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን ኪራይ ቤት አልተውም» ብሏል። አንዴ ብሏል፣ አለቀ።

«ልንገራቸው እሺ» አለ። «ነገርኳቸው እንበል። ማነው ከዚያ በኋላ የሚገዛኝ? አንቺስ የት ትገቢያለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ፣ ልጄ።»

አባቷ «እንጃ» ሲል ሰምታ አታውቅም። እንባዋ መጣ፤ ምን ብላ እንደምታለቅስ ግን ጠፋት። ብትናገር አባቷን ልትጥለው ነው፣ ራሷንም። ዝም ብትል ደግሞ ያ ቡሎን አለ። የልጅ ትከሻ ለዚህ መቼ ተሠራ?

ምሳ እምቢ አላት። አቶ ያርጋል ሲመለሱ ግን እንደ ምንም ብላ ቀረበቻቸውና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከሥር ቢያዩት ጥሩ ነው አለቻቸው። ራሷን ዳበስ ዳበስ አደረጓት። ከላዩ እንዲያ ያለ ብረት ያለው ከሥሩ ምን ይጎድለዋል አሉ፤ መኪናውን ስለምትወደው መለየቱ ከብዷት እንደሆነ፣ በፈለገች ጊዜ መጥታ ከሶልያና ጋር እንደምትሳፈርበት ነገሯት። መልካም ሰው ናቸው። መልካምነታቸው ነው ይበልጥ ያሳመማት።

አቶ ያርጋል መሪውን ያዙ። አባቷ ከጎናቸው ገባ። ጋቢናው ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሶልያና ካሶኒው ላይ ዘላ ወጣችና ስልኳን አወጣች።

«ሸጊ፣ ነይ ውጪ አቦ! ቪዲዮ እንቀርጻለን።»

ሞተሩ ተነሳ። ካሶኒው ነዘረ። ሸጊቱ ሶልያናን አየቻት፤ ጀርባዋን ለጋቢናው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ልክ እዚያች ጎማ ላይ ተመቻችታለች። እዚህ ቀርታ እጇን ብታውለበልብላት ማንም ምንም አይላትም። ሶልያናን ብቻዋን መስደድ ግን አልሆነላትም። የጎኑን ስፖንዳ ይዛ ወጣች፣ ከጎኗ ተቀመጠች።

አባቷ በመስታወት አያት። በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ሸጊቱ፣ ውረጂ።»

«ተዋት እንጂ፣ ልጆቹ ይደሰቱ» አሉ አቶ ያርጋል።

«ውረጂ አልኩሽ። አንቺ አትሄጂም።»

ሸጊቱ አልተነሳችም።

«ሶልያናስ፣ አባ?»

አቶ ያርጋል እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሱ። መጀመሪያ አባቷን አዩት፣ ከዚያ በመስታወቱ እሷን፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሰው አባቷን። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ምንድን ነው ነገሩ?» አለች ሶልያና ስልኳን ዝቅ አድርጋ።

አለምነህ ወደፊት፣ ወደ ሊማሊሞ ወደሚወስደው መንገድ አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ጠፋ።

«አቶ ያርጋል፣ ይውረዱ» አለ። «ከሥር የማሳይዎት ነገር አለ።»

ሲንበረከኩ ሸጊቱ ቆማ አላየችም። ከካሶኒው ወረደች፣ ሶልያናንም እጇን ይዛ አወረደቻት፣ ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ደስ አላላትም።

እናቷ ዓለምዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ሰምታለች። «ተስማሙ?» አለቻት።

ሸጊቱ መስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩትን ደብተሮቿን አንድ በአንድ አወረደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እማዬ፣» አለች፣ «እነዚህን አምቢኮ የምወስድበት ባዶ ጆንያ አለን?»